ጉግል ላይ ፈልገው የመጡትን ለይቶ መቁጠር

ጁባ ውስጥ ከብት፣ መኖ ወይም የእንስሳት መድኃኒት የሚነግድ ሰው የድረ-ገጹን ሪፖርት ሲከፍት ቀድሞ የሚያየው ጠቅላላ ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር በቴሌግራም የመጣውን፣ በማስታወቂያ የገባውንና የራሱን ሠራተኛ አንድ በረት ውስጥ ይከታል። «ድረ-ገጽዎን ጉግል ላይ አስገኛለሁ» ለሚል ባለሙያ የሚከፍሉ ከሆነ ግን መቁጠር ያለብዎት ፈልገው የመጡትን ነው።

በጉግል አናሊቲክስ 4 እንዲህ ያድርጉ፦

1. ከ«ሪፖርትስ» ወደ «አኪዊዚሽን»፣ ከዚያም ወደ «ትራፊክ አኪዊዚሽን» ይግቡ።

2. «አድ ፊልተር» የሚለውን ይጫኑና «ሴሽን ዲፎልት ቻናል ግሩፕ»ን መርጠው «ኦርጋኒክ ሰርች» ላይ ምልክት ያድርጉ። «ጉግል» በሚለው ምንጭ ብቻ አያጣሩ፤ ተከፍሎበት የመጣው የ«ፔይድ ሰርች» ጎብኚም አብሮ ይገባል።

3. ገዢዎችዎ ያሉት ደቡብ ሱዳን ከሆነ በአገር ደግመው ያጣሩ። አገሩ የሚገመተው በኢንተርኔት አድራሻ ስለሆነ ቪፒኤን የሚጠቀም ሰው ሌላ አገር ሊቆጠር ይችላል።

ይህ ማጣሪያ እይታውን እንጂ መረጃውን አይነካም። ሠራተኞችን ለማስወጣት በ«አድሚን» በኩል የሚሠራው ማጣሪያ ግን የተለየ ነው፤ ከበራበት ቀን ጀምሮ ብቻ ይሠራል፣ ያስወጣውም አይመለስም። ስለዚህ መጀመሪያ በሙከራ ይዩት።

ቀኑንም ይጠንቀቁ። ሪፖርቱ የሚሠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ «ሴፕቴምበር»ን እንደ መስከረም ከወሰዱት አሥር ቀን ያህል ይዛባል። ደቡብ ሱዳንም ከፌብሩዋሪ 2021 ወዲህ ሰዓቷ ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ የሪፖርቱን ሰዓት በጁባ ያስተካክሉ።

ምሳሌ እንውሰድ። ባለፈው ወር 1,000 ጉብኝት ነበር፤ ፈልገው የመጡት 120። በዚህ ወር ጠቅላላው 1,400 ሆነ፤ ፈልገው የመጡት 118። ባለሙያው «በ400 አሳደግኩ» ቢልዎት ጭማሪው ከሌላ በር ነው የገባው። ከ118ቱ ስንቱ ስልክ ቁጥርዎን እንደነካ ደግሞ ይጠይቁ፤ ይህ የሚታየው ግን አስቀድሞ እንዲቆጠር ከተደረገ ነው።

ሰዎቹ ምን ብለው እንደፈለጉ ለማየት ጉግል ሰርች ኮንሶልን ይክፈቱ። «የፍየል ዋጋ ጁባ» ብሎ የመጣና የድርጅትዎን ስም ጽፎ የመጣ ሰው አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛው ቀድሞም ያውቅዎታል። የባለሙያው ሥራ የሚመዘነው በመጀመሪያው ነው።