ማሽኑ ተበላሸ ከማለታችን በፊት

ባለፈው ሳምንት በባልትና ክፍለ ጊዜ የጭማቂ ማሽኑ አልነሣ አለን። ሁላችንም «በቃ፣ ሞተሩ ተቃጥሏል!» ብለን ፈረድንበት። መምህርታችን ከሶኬት ነቅለው ሲያዩት ለካ የክዳኑ መቆለፊያ በደንብ አልገጠመም ኖሯል። ክዳኑ ካልተቆለፈ ሞተሩ የማይዞረው የሰው ጣት እንዳይቆረጥ ተብሎ ነው። ስለዚህ የተማርነውን እናካፍላችሁ።

አሠራር፦ የሚፍቀው ባለ ጥርስ ሳህንና ዙሪያው ያለው ወንፊት አብረው በፍጥነት ይሽከረከራሉ። ጭማቂው በወንፊቱ ያልፋል፤ አሰሩ ወደ ማጠራቀሚያው ይወረወራል።

አጠቃቀም፦ ካሮቱ ይታጠብ፤ ብርቱካኑ ይላጥ፤ የማንጎው ፍሬ ይውጣ። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ በመግፊያው ቀስ እያልን እንግፋ። ጣት ወይም ማንኪያ በፍጹም አይገባም! ሙዝና አቮካዶ ወንፊቱን ከመድፈን በቀር ጭማቂ አይወጣቸውም።

አጸዳድ፦ ከሶኬት ነቅለን፣ አሰሩ ሳይደርቅ ወንፊቱን ከውጭም ከውስጥም በብሩሽ እንጠበው። ሞተር ያለበት ክፍል በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል እንጂ ውኃ ውስጥ አይነከርም።

ችግር ሲያጋጥም፦
፩. ካልተነሣ፦ መብራቱን፣ ሶኬቱን፣ መቆለፊያውን እንይ።
፪. ከተንቀጠቀጠ፦ እናጥፋው፤ ወንፊቱ ተደፍኗል ወይም በቦታው አልተቀመጠም።
፫. አሰሩ በጣም እርጥብ ከሆነ፦ ወንፊቱ ተደፍኗል ወይም ቸኩለን ገፍተናል።
፬. ሞተሩ ከጋለ፦ አጥፍተን እናሳርፈው። የመቃጠል ሽታ ካለው ነቅለን ለባለሙያ እናሳይ።

ነገ ክፍል ስንገባ ጥያቄ ያልመለሰልንን ተማሪም «አይገባውም» ብለን አንፍረድበት። መጀመሪያ የቱ ጋ እንዳልገጠመ እንፈልግ።