ባልንጀራዬ በየትኛው ሰፈር ይኖራል?
በአሜሪካ የከተማ ዳርቻ መንደሮች ስለ ነበረው የመኖሪያ መለያየትና ስለ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት



አንድ የሕግ ዐዋቂ ባልንጀራው ማን እንደ ሆነ በጠየቀው ጊዜ ጌታችን ትርጓሜ አልሰጠውም። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ በሚወስደው መንገድ ላይ ቆስሎ ስለ ወደቀ ሰውና ስለ አነሣው ሳምራዊ ነገረው እንጂ (ሉቃ. 10፥25-37)። ሳምራዊው ቁስለኛውን ሊረዳ የቻለው መንገድ ስላገናኛቸው ነው። መንገዱ ራሱ ሁለቱ ከቶ እንዳይገናኙ ሆኖ ቢሠራስ? የዚህ ትምህርት ጥያቄ ይህ ነው። መልሱንም በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት፣ በተለይም በቺካጎ ከተማና በዙሪያዋ ካለፈው ታሪክ እንፈልጋለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. መለያየቱ እንዴት ተሠራ?

ጥቁሮችና ነጮች በየፊናቸው የሰፈሩት በፈቃዳቸው ወይም በገቢያቸው ልዩነት ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን መንግሥት ቤታቸውን ሊያጡ የደረሱትን ዜጎች ለመርዳት በ1933 አንድ የቤት ብድር ድርጅት አቋቋመ፤ በ1934 ደግሞ ለባንኮች ብድር ዋስ የሚሆን የፌዴራል ቤቶች አስተዳደርን መሠረተ። የመጀመሪያው ድርጅት የከተሞችን ሰፈሮች በካርታ ላይ በአራት ቀለም ለየ። ጥቁሮች የሚኖሩባቸው ሰፈሮች ከሞላ ጎደል ሁሉ ቀይ ተቀቡ፤ ትርጓሜውም ገንዘብ ለማበደር የሚያሠጋ ስፍራ ማለት ነበር። ሁለተኛው መሥሪያ ቤት ደግሞ ዋስትናውን በአብዛኛው ለነጮች መንደሮች ሰጠ፤ ቤት ለጥቁር እንዳይሸጥ የሚከለክል አንቀጽ በባለቤትነት ሰነድ ውስጥ እንዲገባም ይመክር ነበር።

በ1948 ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለውን አንቀጽ ፍርድ ቤቶች ሊያስፈጽሙት እንደማይችሉ ወሰነ። ልማዱ ግን አልጠፋም። ከ1947 እስከ 1951 በኒው ዮርክ አቅራቢያ የተሠራችው ሌቪታውን ከ17 ሺህ በላይ ቤቶች ነበሯት፤ ከጦርነት የተመለሰ ወታደር በመንግሥት ዋስትና፣ በአነስተኛ ወርኃዊ ክፍያ የቤት ባለቤት ይሆንባት ነበር። በዚያው ጦርነት የዘመተ ጥቁር ወታደር ግን አይሸጥለትም ነበር። የአንድ ቤተሰብ ዋና ሀብት ቤቱ በሆነበት አገር ይህ ክልከላ ሰፈር ብቻ አልነፈገውም፤ ለልጆቹ ሊያወርሰው የሚችለውን ሀብት ጭምር ወሰደበት።

2. በሲሴሮና በማርኬት ፓርክ የሆነው

በሐምሌ 1951 ሃርቪ ክላርክ የተባለ ጥቁር የቀድሞ ወታደር ከባለቤቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር በቺካጎ አጠገብ ባለችው በሲሴሮ ቤት ተከራየ። ወደ 4 ሺህ የሚገመት ሕዝብ ሕንጻውን ከበበ፤ የቤተሰቡን ዕቃ አውጥቶ አቃጠለ። ሁከቱን ለማብረድ የክፍለ ግዛቱ ገዥ ብሔራዊ ዘብ አዘመተ። ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ከቦሄሚያ፣ ከፖላንድና ከኢጣሊያ የመጡ ካቶሊካውያን ቤተሰቦች ነበሩ።

ነሐሴ 5 ቀን 1966 ማርቲን ሉተር ኪንግ የመኖሪያ መብትን ለመጠየቅ በማርኬት ፓርክ ሰልፍ ሲመራ ራሱን በድንጋይ ተመታ። በዚያ በጋ ከሰልፈኞቹ መካከል ካህናትና ደናግል ነበሩ። ድንጋይ ከሚወረውሩት መካከልም በእሑድ ቅዳሴ የሚያስቀድሱ ምእመናን ነበሩ። የከተማዋ ሊቀ ጳጳስ ጆን ኮዲ አስቀድመው የሰልፈኞቹን ጥያቄ በይፋ ደገፉ፤ ሁከቱ በበረታ ጊዜ ግን ሰልፉ እንዲቆም ጠየቁ። ስለዚህ ይህ ታሪክ ቤተ ክርስቲያን ከውጭ ሆና የምትፈርደው ታሪክ አይደለም። ቁስሉ በገዛ አካሏ ላይ ነው።

3. የቁምስና ፍቅር ወደ አጥር ሲለወጥ

እነዚህ ምእመናን እንዲህ ያደረጉት ለምን ነበር? ብዙዎቹ የስደተኛ ልጆች ናቸው። ከድሃ ደመወዛቸው ቆጥበው ቤተ ክርስቲያን ሠርተዋል፤ ትምህርት ቤት ከፍተዋል፤ ቤታቸውንም በቁምስናቸው አጠገብ ገዝተዋል። ይህ ፍቅር መልካም ነበር። ነገር ግን የእግዚአብሔር ቤት ለእኔ ወገን ብቻ የታጠረ ርስት መስሎ በታየ ጊዜ መልካሙ ፍቅር ወደ አጥር ተለወጠ።

ፍርሃትም ነበረ፤ ጥቁር ጎረቤት ከመጣ የቤቴ ዋጋ ይወድቃል የሚል ፍርሃት። ይህን ፍርሃት ደላሎች ነገዱበት። በየቤቱ እየዞሩ ነጮቹን በማስደንገጥ ቤታቸውን በርካሽ ገዙ፤ ያንኑ ቤት ከባንክ ብድር ለተከለከሉ ጥቁሮች እጅግ በተጋነነ ዋጋ፣ በጨካኝ የክፍያ ውል ሸጡ። አንድ ወር ክፍያ ያጓደለ ገዥ ቤቱንም እስከዚያ የከፈለውንም ገንዘብ ሊያጣ ይችል ነበር። ነጩም ጥቁሩም ተበዘበዙ፤ እርስ በርስ ግን ተወቃቀሱ።

ቀለም የሚያሰምረው ድንበር ምን ያህል ከንቱ እንደ ሆነ ከቅርብ ምሳሌ እንመልከት። በ2025 የተመረጡት ር.ሊ.ጳ. ሊዮ 14ኛ በቺካጎ ተወልደው ያደጉት ዶልተን በምትባል የከተማዋ ዳርቻ መንደር ነው። ያኔ ዶልተን የነጮች መንደር ነበረች፤ በኋላ ነጮቹ በብዛት ለቀው ሄዱ፤ ዛሬ አብዛኛው ነዋሪዋ ጥቁር ነው። የእርሳቸው የእናት ወላጆች በኒው ኦርሊንስ ሳሉ በሕዝብ ቆጠራ መዝገብ ጥቁር ተብለው ተጽፈዋል፤ ቺካጎ ከገቡ በኋላ ደግሞ ነጭ ተብለዋል። ሰዎቹ አልተለወጡም፤ የተለወጠው መዝገቡ ነው።

4. ቅዱስ መጽሐፍና ቤተ ክርስቲያን ምን ያስተምራሉ?

ማርያምና አሮን ሙሴን ስለ ኢትዮጵያዊት ሚስቱ ባሙት ጊዜ ማርያም በለምጽ ተመታች፤ ሰባት ቀንም ከሰፈር ውጭ ተዘጋባት (ዘኍ. 12)። ባዕዲቱን የናቀችው ራስዋ ከሰፈር ወጣች። ሕዝቡም እስክትመለስ ድረስ አልተጓዘም። ከዚህ የምንማረው የአንዱ ንቀት የሕዝቡን ሁሉ ጉዞ እንደሚገታ ነው። ሐዋርያው ያዕቆብም በጉባኤ ለባለጠጋው ወንበር ሰጥተው ድሃውን የሚያቆሙትን ሰዎች ማዳላት ኃጢአት መሆኑን ያስተምራቸዋል (ያዕ. 2፥1-9)።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ቤተ ክርስቲያን በዚህ ዓለም ስላላት ተልእኮ በደነገገው ሰነድ በቁጥር 29 በዘርና በቀለም ምክንያት የሚደረግ አድልዎ ሁሉ የእግዚአብሔርን ሐሳብ የሚቃረን በመሆኑ መወገድ እንዳለበት አስተምሯል። የአሜሪካ ካቶሊካውያን ጳጳሳት በ1958 የዘር መለያየት ከክርስቲያናዊ ሕሊና ጋር እንደማይስማማ ገለጹ፤ በ1979 ባወጡት የእረኝነት መልእክት ደግሞ ዘረኝነት ኃጢአት መሆኑን በግልጽ አስታወቁ። በ1988 የቅድስት መንበር የፍትሕና የሰላም ኮሚሽን ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ ዘረኝነት ሰፊ ሰነድ አዘጋጀ።

ድንጋይ ያልወረወረ ሰው ግን ምን በደል አለበት? የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 1868 በሌላው ኃጢአት ተካፋይ የምንሆነው በማዘዝ፣ በመምከር፣ በማመስገን ብቻ ሳይሆን መከልከል ሲገባን ባለ መከልከልም እንደ ሆነ ያስረዳል። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊም በ1987 ስለ ኃጢአት መዋቅሮች ሲያስተምሩ መዋቅሩ ራሱ ከግለሰቦች ኃጢአት እንደሚበቅል አሳይተዋል። እንግዲህ ካርታውን የቀባ ጸሐፊ፣ ውሉን ያረቀቀ ጠበቃ፣ በውሉ ፈርሞ ዝም ያለ ገዥ፣ የበደላቸው ልክ ቢለያይም፣ ሁሉም በአንዱ አጥር ላይ ድንጋይ አኑረዋል። ንስሐም ከጸጸት አልፎ የተወሰደውን ለመመለስ መትጋትን ይጠይቃል።

5. አጥሩ ሊፈርስ ይችላልን?

ኪንግ በተገደለ በሳምንቱ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 1968 በቤት ሽያጭና ኪራይ የዘር አድልዎን የሚከለክለው ሕግ ተፈረመ። ሕግ በርን ይከፍታል፤ ጎረቤትን መቀበል ግን የሰው ሥራ ነው።

በቺካጎ ምዕራብ ያለችው ኦክ ፓርክ ለዚህ ምስክር ናት። በ1950 የታወቀው ጥቁር የኬሚስትሪ ሊቅ ፐርሲ ጁሊያን ቤት በዚያ ሲገዛ ቤቱን ለማቃጠል ተሞክሮ ነበር። በ1968 ግን መንደሪቱ የራሷን የፍትሐዊ መኖሪያ ደንብ አወጣች፤ በ1972 ቤት ፈላጊዎች ተቀላቅለው እንዲሰፍሩ የሚያግዝ ማእከል ተከፈተ፤ በ1970ዎቹ መጨረሻም የቤታችን ዋጋ ይወድቃል ብለው ለሚፈሩ ባለቤቶች ዋስትና የሚሰጥ ደንብ ተዘጋጀ። ፍርሃትን በስድብ ሳይሆን በተግባር መለሱት።

በቺካጎ ሎውንዴል ሰፈርም በ1968 በጨካኝ ውል ቤት የገዙ ጥቁር ቤተሰቦች ማኅበር መሠረቱ። ጃክ ማክናማራ የተባለ የኢየሱሳውያን ዘርዐ ክህነት ተማሪና የቁምስናው ካህን ሞንሲኞር ጆን ኢጋን ከጎናቸው ቆሙ። ብዙዎቹም ውላቸው ተሻሽሎላቸው ዕዳቸው ቀለለላቸው። አጥሩ በሰው እጅ እንደ ታጠረ፣ በሰው እጅ መፍረስ ጀመረ።

6. ለእኛስ?

ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ይኖራሉ። ቤት ሊከራዩና ሊገዙ የቻሉት እነዚያ ጥቁር ቤተሰቦች በከፈሉት ዋጋ ጭምር መሆኑን ሊያስቡ ይገባል። እኛም ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እያልን አድገናል። ምሳሌው እውነት የሚሆነው ጎረቤቱን ሳንመርጥ ስንቀበለው ነው። ክርስቶስ ሁለቱን ወገን አንድ ያደረገ፣ የሚለየውንም የጥል ግድግዳ ያፈረሰ ሰላማችን ነውና (ኤፌ. 2፥14)፣ እርሱ ያፈረሰውን መልሰን እንዳንሠራ ጸጋውን ያድለን። አሜን።

ለቡድን ውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ቤት ስናከራይ ወይም ስንሸጥ የሰውን ወገን እንጠይቃለንን? ለምን?
2. ቁምስናችን አዲስ መጪን የሚቀበለው እንዴት ነው?
3. ሌላው ሲበደል ዝም ያልንበት ጊዜ ካለ፣ ዛሬ ምን ልንመልስ እንችላለን?