እንዶድን ማን ይፈትነው?

መግቢያ

በትምህርት ክፍላችን የመድኃኒት ኩባንያ ነገር ከተነሳ ክርክሩ ሁሌም በሁለት ጎራ ይከፈላል። አንዱ «ነጋዴዎች ናቸው፤ ለትርፍ ሲሉ መርዝም ቢሆን ይሸጣሉ» ይላል። ሌላው ደግሞ «ታዲያ የምትውጠውን መድኃኒት ማን ሠራልህ?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው፤ ዋናውን ጥያቄ ግን ሁለቱም ይስቱታል ባይ ነኝ። በዚህች አጭር ጽሑፍ ሐሳቤን በአንድ ኩባንያና በአንድ የአገራችን ተክል ለማስረዳት እሞክራለሁ።

አንድ ኩባንያ፣ ሁለት ገጽ

እኔ ተወልጄ ያደግሁት ሰሜን ሸዋ፣ ደነባ ነው። በእኛ አገር ጥሬ ሥጋ ይወደዳል፤ ስለዚህ የኮሶ ትልን የማያውቅ ቤት የለም። አያቶቻችን ይሽሩ የነበረው የደረቀ የኮሶ አበባ ወቅጠውና በጥብጠው በባዶ ሆዳቸው በመጠጣት ነው። ኮሶ ትሉን ያወጣል፤ ምሬቱና ማስመለሱ ግን አይጣል ነው። መጠኑ ከበዛ ደግሞ ሰው እስከ መግደል ይደርሳል። ከዚህ ስቃይ ካሳረፉን መድኃኒቶች አንዱ ኒክሎሳማይድ የተባለው የሚታኘክ ክኒን ሲሆን፣ ያወጣውም የጀርመኑ ባየር ኩባንያ ነው። አያቴ «የፈረንጅ ክኒን» እያለች ብታሽሟጥጠውም፣ እሱን ካገኘች ወዲህ ወደ ኮሶ አልተመለሰችም።

ያው ባየር ግን እ.ኤ.አ. በ2001 ሊፖባይ የተባለውን የኮሌስትሮል መድኃኒቱን ከገበያ ለማንሳት ተገድዷል። መድኃኒቱ የአንዳንድ ሕሙማንን ጡንቻ እያፈራረሰ፣ ኩላሊታቸውንም እየጎዳ ለሞት ዳርጓቸው ነበርና።

እንግዲህ ይህን ኩባንያ እንመነው ወይስ አንመነው? ለእኔ ጥያቄው ራሱ ልክ አይደለም። ሊታመን የሚገባው የኩባንያ ስም ሳይሆን ማስረጃ ነው። ማስረጃ ደግሞ ከሰማይ አይወርድም፤ ገንዘብ ከፍሎ የሚያስፈትን ሰው ይፈልጋል። ታዲያ ከፋዩ ኩባንያው ብቻ ከሆነ የማይፈተኑት ነገሮች የትኞቹ ናቸው? መልሱን እንዶድ ይነግረናል።

የእንዶድ ታሪክ

የቢልሃርዝያ ትል ወደ ሰው የሚተላለፈው ውኃ ውስጥ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ላይ ካደገ በኋላ ነው። ዶ/ር አክሊሉ ለማ ይህንኑ በሽታ ለማጥናት እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ በነበሩ ጊዜ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ። በሕይወት ያሉትን አረፋው ውስጥ ቢጨምሯቸው እነሱም ሞቱ። እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ የሚያጥቡበት ተክል የበሽታውን መተላለፊያ መንገድ የሚቆርጥ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው!

ዶ/ር አክሊሉ በ1966 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት መሠረቱ። አድዋ ላይ ለአምስት ዓመታት በተካሄደው ሙከራ በትናንሽ ሕፃናት ላይ የነበረው የበሽታው መጠን ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ዶ/ር ለገሰ ወልደ ዮሐንስም የተሻለ ምርት የሚሰጠውን የእንዶድ ዓይነት መርጠው ለማባዛት ደከሙ።

በዚያን ጊዜ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው የቀንድ አውጣ ማጥፊያ ባይሉሳይድ ይባል ነበር። የማን ምርት ነው? የባየር። ንጥረ ነገሩስ? ያው የኮሶ መድኃኒታችን ኒክሎሳማይድ! ይሠራል፤ ነገር ግን ውድ ነው፤ በውጭ ምንዛሪ ነው የሚገዛው። እንዶድ ግን ገበሬው በጓሮው የሚተክለው ነው።

ለእንዶድ ዓለም አቀፍ ደረጃውን የጠበቀ የመርዛማነት ምርመራ ተጠየቀ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እንዶድ ዓሣም ይገድላልና። ችግሩ ወጪውን ማን ይሸፍን የሚለው ነው። ማንም በጓሮው ሊያበቅለው የሚችለውን ነገር የትኛው ኩባንያ ከፍሎ ያስፈትናል? በመጨረሻ ምርመራው በካናዳ ድጋፍ እስኪካሄድ ከግኝቱ በኋላ ሩብ ምዕተ ዓመት ገደማ አለፈ። ሁለቱ ምሁራን በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሸለሙ፤ እንዶድ ግን ዛሬም የአገራችን ዋና መከላከያ አልሆነም።

ዛሬ ቢልሃርዝያን የምንዋጋው በአብዛኛው ለተማሪዎች ፕራዚኳንቴል በማደል ነው። ክኒኑን የጀርመኑ መርክ ኩባንያ ከ2007 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት በኩል በነፃ ይሰጣል። ሊመሰገን ይገባዋል። ይሁንና ክኒኑ በልጁ ሆድ ያለውን ትል እንጂ በወንዙ ያለውን ቀንድ አውጣ አይነካም። ልጁ ነገ ተመልሶ ሲዋኝ እንደገና ይያዛል።

ማጠቃለያ

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ጥርጣሬ መጥፎ አይደለም፤ ጠያቂ እስከሆነ ድረስ። ነገ ሥራ ላይ ስንሰማራ የኩባንያ ወኪል እስክሪብቶና ካላንደር ይዞ መምጣቱ አይቀርም። ያን ጊዜ «መድኃኒቱ የተፈተነው በማን ላይ ነው? ከፋዩ ማን ነበር? ከየትኛው ርካሽ መድኃኒት ጋር ተወዳደረ?» ብለን እንጠይቅ። የአገር ባህል መድኃኒት ሲቀርብልንም ያንኑ እንጠይቅ፤ የእኛ ስለሆነ ብቻ አይታለፍ። ከሁሉም በላይ «ያልተፈተነውስ የቱ ነው?» እንበል። ትርፍ ስለሌለው ኩባንያ የማይነካውን ነገር መፈተን የዩኒቨርሲቲዎች ድርሻ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የቸገራችሁ ጓደኞቼ፣ ርዕስ የምንሰጥ መምህራንም ጭምር ብታስቡበት እላለሁ፤ እንዶዱ እኮ አጥራችን ላይ ነው ያለው።