ኮሪደር ላይ ያለውን ሰው አስቢው

ልጄ፣ ካዛንቺስ ያለው መሥሪያ ቤትሽ ውስጥ ፕሮፖዛል ይዘሽ ገብተሽ አለቃሽ «እስቲ እናየዋለን» ብሎ እንደሸኘሽ ነግረሽኛል። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ አካሄድሽን ግን አልወደድኩትም።

1. መጀመሪያ፣ ከነገሩ ውጭ የቀረው ማን ነው ብለሽ ጠይቂ። መስቀል አደባባይ ቅርብሽ ነውና እዚያ የምታዪውን ላንሳልሽ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ታላቁን ሩጫ በኢትዮጵያ ሲያስጀምር ይህች አገር ሯጭ አልጎደላትም ነበር። የቀረው ሕዝቡ ነው፤ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠን በሰው እግር ነበር የምንሮጠው። ኅዳር 1994 ዓ.ም. 10 ሺህ ሰው 10 ኪሎ ሜትር ሊሮጥ ወጣ። የወንዶቹን ውድድር ያሸነፈው ራሱ ኃይሌ ነው፤ ግን በዚህ ማን ይገረማል? አዲሱ ነገር ከኋላው የመጣው ነው፦ ቲሸርቱን ለብሶ እየጨፈረ የሚሮጠው፣ ሲደክመው የሚራመደው፣ ጓደኛውን እየጎተተ የሚገባው። አስፋልቱ የነበረ ነው፣ ርቀቱም የታወቀ፤ የተለወጠው ማን ይሩጥ የሚለው ብቻ ነው። አሁን ወደ ፕሮፖዛልሽ እንመለስ። የሠራተኛውን ሥራ ያቀላል፤ እሺ። ፋይሉን ታቅፎ ኮሪደር ላይ የሚጠብቀው ባለጉዳይ የት ገጽ ላይ ነው ያለው? እኔ አላገኘሁትም።

2. ዲግሪ የሌለውን ሰው አትለፊው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ አካባቢ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። በሽታውን የሚያስተላልፈው ደግሞ ቀንድ አውጣው ነው። እንዶድን አያቶችሽም ያውቁታል፤ ዶክተሩ የሴቶቹን ዕውቀት ሳይንቁ ወደ ቤተ ሙከራ ወሰዱት። አንቺም ከመዝገብ ቤቷ እናት ጋር ቡና ጠጪ። የትኛው ፎርም ለምን ሁለት ጊዜ እንደሚሞላ ከአለቃሽ ይልቅ እሷ ታውቃለች።

3. በጀት ከመጠየቅሽ በፊት እጅሽ ላይ ያለውን ቁጠሪ። በ2020 እ.ኤ.አ. ኮሮና መንገደኛውን ቤቱ ሲያስቀምጠው፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከመንገደኛ አውሮፕላኖች ላይ ወንበር አንስቶ ጭነት ጫነባቸው።

4. በስብሰባ አትጀምሪ። ስብሰባ ላይ የቀረበ ሐሳብ ኮሚቴ ይወልዳል፤ ኮሚቴው ደግሞ ቃለ ጉባኤ። ይልቅ ሐሳብሽን የምትሞክሪበት አንድ መስኮት ለአንድ ሳምንት እንዲሰጥሽ አለቃሽን ለምኚው። እዚያ መስኮት ላይ ባለጉዳይ ስንት ሰዓት እንደሚቆም በፊትም በኋላም መዝግቢ። ቁጥሩን የሚያይ አለቃ «እናየዋለን» ለማለት ይቸገራል። ካልሠራም የባከነው አንድ ሳምንት ነው፤ ለምን እንዳልሠራ ጽፈሽ አስቀምጪ።

5. ከተሳካ አለቃሽ የራሱ ሐሳብ አድርጎ ሊያወራው ይችላል። የተለመደ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ያለበት አጭር ማስታወሻ በሥራ ኢሜይል ላኪለት፤ ከዚያ ወዲያ ኮሪደር ላይ አታማርሪ። ማማረሩን ለእኔ አቆዪልኝ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ።