መቃብር እንዴት ይነበባል? የፓንጋ ያ ሳይዲ ሕፃንና የፊዚክስ ሰዓቶች

በአገራችን ሰው ሲያርፍ አስከሬኑ ይታጠባል፣ ይገነዛል፣ ከዚያም በተቆፈረለት ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጣል። በቀብሩ ላይ የተገኘ ሰው የሚከናወነውን ነገር ለመረዳት ማስረጃ አያስፈልገውም። ከብዙ ሺህ ዓመታት በኋላ ግን መግነዙ በስብሶ፣ አጥንቱም ወደ ዱቄትነት ተቃርቦ ሲገኝ፣ «ይህ ሰው በሰው እጅ ተቀብሯል» ለማለት የሚያስደፍረው ምንድን ነው? የቀብሩስ ዘመን በምን ይታወቃል? በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን ጥያቄዎች በአንድ ምሳሌ እንመረምራለን።

1. ሕፃኑና ማስረጃው

በኬንያ የባሕር ጠረፍ አቅራቢያ ፓንጋ ያ ሳይዲ የሚባል ዋሻ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2013 በዚያ በተካሄደ ቁፋሮ ከዋሻው የዛሬ ወለል 3 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የአጥንት ስብርባሪ ታየ፤ በ2017 ደግሞ አጥንቶቹ ያረፉበት ክብ ጉድጓድ ተገለጠ። አጥንቶቹ ሲነኩ የሚፈራርሱ ስለነበሩ ከነአፈሩ በጄሶ ተሸፍነው በመጀመሪያ በናይሮቢ ወደሚገኘው ሙዚየም፣ ቀጥሎም በስፔን ቡርጎስ ከተማ ወደሚገኝ የምርምር ማዕከል ተወሰዱ። በኤክስሬይ ምስል በመታገዝ የተደረገው ጥናት በ2021 «ኔቸር» በተሰኘው መጽሔት ታትሟል። ሟቹ ዕድሜው ከሁለት ዓመት ተኩል እስከ ሦስት ዓመት የሚገመት ሕፃን ነው። ተመራማሪዎቹም በስዋሂሊ «ሕፃን» ማለት የሆነውን «ምቶቶ» የሚል ስም ሰጥተውታል።

ሕፃኑ መቀበሩን የሚያመለክቱት ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው፦

ሀ) ጉድጓዱን የሞላው አፈር በዙሪያው ካለው አፈር ይለያል። ይህም ጉድጓዱ ተቆፍሮ እንደገና መሞላቱን ያሳያል።

ለ) በርካታ አጥንቶች ከተፈጥሮ መገጣጠሚያቸው አልተለያዩም። በመሆኑም አስከሬኑ ሳይበሰብስና አውሬ ሳይበታትነው በአፈር ተሸፍኗል።

ሐ) ሕፃኑ ጉልበቶቹን ወደ ደረቱ አጥፎ በቀኝ ጎኑ ተኝቷል። የትከሻውና የጎድን አጥንቶቹ አቀማመጥም የላይኛው አካሉ ጠበቅ ተደርጎ መጠቅለሉን ይጠቁማል።

መ) ጭንቅላቱ ያዘነበለበት ሁኔታ ከሥሩ እንደ ትራስ ያለ፣ በኋላ የበሰበሰ ድጋፍ እንደነበረ ያመለክታል።

እዚህ ላይ ልብ ልንል ይገባል፤ መግነዙም ትራሱም ዛሬ የሉም። የታወቁት በአጥንቱ አቀማመጥ ላይ በተዉት ምልክት ብቻ ነው። ይህ ለፊዚክስ ተማሪ እንግዳ አስተሳሰብ አይደለም። ኤሌክትሮንንም የምናውቀው በዓይናችን አይተነው ሳይሆን በሚያስከትለው ውጤት ነው።

2. ካርበን-14 ለምን አልበቃም?

ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ከአካባቢው ካርበን ይወስዳል፤ ከዚህም ውስጥ እጅግ ጥቂቱ ራዲዮአክቲቭ የሆነው ካርበን-14 ነው። ሕይወት ሲቋረጥ ቅበላው ይቆማል፤ የነበረውም በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል። በጢያ ትክል ድንጋዮች ሥር እንዳሉት በመካከለኛው ዘመን ለተቀበሩ ሰዎች ይህ ሰዓት ተስማሚ ነው። ለምሳሌ ዕድሜው 800 ዓመት በሆነ አጥንት ውስጥ ከመጀመሪያው ካርበን-14 ገና 91 በመቶ ያህሉ ይገኛል።

የምቶቶ ዕድሜ ግን 78,000 ዓመት ገደማ ነው። ይህን ለ5,730 ስናካፍል 13.6 የግማሽ ዕድሜዎች እናገኛለን፤ ስለዚህ የሚቀረው ከ12,000 አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው። ከዚህ የከፋው ደግሞ የብክለት ጉዳይ ነው። ካርበን-14 ፈጽሞ ባለቀበት ናሙና ውስጥ አንድ በመቶ አዲስ ካርበን ቢገባ ናሙናው የ38,000 ዓመት ዕድሜ ያለው መስሎ ይታያል። ስለዚህም ይህ ዘዴ ከ50,000 ዓመት ወዲያ እምብዛም አይታመንም።

3. የአሸዋ ቅንጣት እንደ ሰዓት

መፍትሔው አጥንቱን ትቶ አፈሩን መጠየቅ ነው። በአፈር ውስጥ ያሉት ዩራኒየም፣ ቶሪየምና ፖታሲየም፣ እንዲሁም ከጠፈር የሚመጣው ጨረር በኳርትዝ ቅንጣት ውስጥ ኤሌክትሮኖችን ከቦታቸው ያስለቅቃሉ። ከእነዚህም አንዳንዶቹ በክሪስታሉ ጉድለቶች ውስጥ ተይዘው ይቀራሉ። የፀሐይ ብርሃን ሲያገኛቸው ይለቀቃሉ፤ ሰዓቱም ከዜሮ ይጀምራል። ቅንጣቱ ሲቀበር ክምችቱ እንደገና ይጨምራል። በጨለማ ቤተ ሙከራ ውስጥ ቅንጣቱ ላይ ብርሃን ሲበራበት የተያዙት ኤሌክትሮኖች ይለቀቁና ቅንጣቱ ራሱ ደካማ ብርሃን ያወጣል። ከዚህ ብርሃን መጠን በመነሳት ቅንጣቱ የተቀበለው ጠቅላላ ጨረር ይሰላል።

ዕድሜ = ጠቅላላ የጨረር መጠን ÷ የዓመት የጨረር መጠን

ስሌቱን ለማሳየት ያህል፣ ጠቅላላው 200 ግሬይ፣ የዓመቱ ደግሞ 0.0025 ግሬይ ቢሆን ዕድሜው 80,000 ዓመት ይሆናል። ችግሩ ጉድጓድ ሲሞላ ሁሉም ቅንጣት በቂ ብርሃን ላያገኝ መቻሉ ነው። ያላገኘው ቅንጣት አሮጌ ክምችቱን ይዞ ስለሚቀበር ዕድሜውን ያጋንናል። ስለዚህ ቅንጣቶችን አንድ በአንድ መለካት ይመረጣል።

4. የጥንቃቄ ትምህርት

በሰሜን ኢራቅ በሚገኘው ሻኒዳር ዋሻ በ1960 ከተገኘ የኒያንደርታል አጽም ዙሪያ የአበባ ዱቄት በመታየቱ፣ ሟቹ በአበባ ላይ ተቀብሯል የሚል አስተያየት በሰፊው ተሰራጭቶ ነበር። በኋላ ግን ዱቄቱን ጉድጓድ ቆፋሪ አይጦች ወይም ንቦች አምጥተውት ሊሆን እንደሚችል ሌሎች ተመራማሪዎች አመለከቱ። አበባው በመኖሩ ብቻ አበባውን ሰው አኑሮታል አይባልም።

የምቶቶ ጉዳይ የሚለየው አንዱ ማስረጃ ሌላውን ስለሚደግፍ ነው። ከ78,000 ዓመት በፊት ለዚህ ሕፃን የተሰማውን ኀዘን የሚለካ መሣሪያ የለንም። ነገር ግን ጉድጓድ የቆፈረ፣ አካሉን የጠቀለለና ራሱን ያስደገፈ ሰው እንደነበረ መናገር እንችላለን። በአፍሪካ ከታወቁት የዘመናዊ ሰው ቀብሮች ጥንታዊው ይህ ነው መባሉም ክብደት የሚያገኘው ከዚህ ነው።

መልመጃ

1. በአንድ አጥንት ውስጥ ከመጀመሪያው ካርበን-14 ሩብ ያህሉ ብቻ ቢቀር ዕድሜው ስንት ነው?

2. በአፈር ውስጥ ያለ ውኃ ከጨረሩ የተወሰነውን ይወስዳል። ተመራማሪው አፈሩ እርጥብ እንደነበረ ሳያውቅ ቢያሰላ፣ የሚያገኘው ዕድሜ ከእውነተኛው ያንሳል ወይስ ይበልጣል? ምክንያቱን አስረዱ።