ዋግ ቤቱን ለይቶ ያውቃል

አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። ስንዴው በዋግ ሲቃጠል ከጎኑ ያለው ባቄላ ለምን አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል? ነፋሱ አንድ ነው፤ ዝናቡም አንድ ነው።

መልሱ ይኸውላችሁ። የሰብል ጠላት ሁሉ ቀለቡ አንድ አይደለም።

አንበጣ ብዙ አይመርጥም፤ ማሳውንም ዛፉንም ያወድማል። ተምች ግን ይመርጣል። በቆሎ፣ ማሽላ፣ ጤፍና የግጦሽ ሣር ይፈጃል እንጂ ባቄላና ሽምብራ አይፈልግም። በቆሎም ማሽላም ጤፍም የሣር ዘመዶች ናቸው።

ዋግ ከተምችም የባሰ መራጭ ነው። ዋግ ማለት የሻጋታ ዓይነት ነው። እንደ ዱቄት የደቀቀው ዘሩ በነፋስ ተጉዞ ቅጠል ላይ ያርፋል። እርጥበት ሲያገኝ ይበቅላል፤ ቅጠሉ ውስጥ ገብቶም ምግቡን ይመጥጣል። የስንዴ ዋግ ባቄላ ላይ ቢያርፍ ግን ምግብ አያገኝም፤ እዚያው ይሞታል። ነገሩ እንደ ቁልፍ ነው፤ በአንዱ ቤት ቁልፍ የሌላው በር አይከፈትም። ባቄላም የራሱ ዋግ አለው፤ እሱም ስንዴን አይነካም።

ስንዴና ስንዴም ይለያያል። አንዱ ዝርያ በሩን ይዘጋል፤ ሌላው ይከፍታል። ዋጉም ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ይለወጥና አዲስ ቁልፍ ያበጃል። በ2003 ዓ.ም. መኸር ኩብሳ የተባለውን ስንዴ ቢጫ ዋግ ፈጀው። ብዙ ገበሬ ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው ወደ ዲገሉ ዞረ። በ2006 ዓ.ም. ግን በባሌና በአርሲ አዲስ ዓይነት የግንድ ዋግ ተነስቶ ዲገሉን አጠቃው። ሰፊው ማሳ በአንድ ዝርያ ተሸፍኖ ነበርና የአንዱ በር ሲከፈት የሁሉም ተከፈተ።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. መንደሩ በሙሉ አንድ ዝርያ ብቻ አይዝራ።
2. ሳይዘራ የበቀለውን ስንዴ ንቀሉ። ዋግ የሚኖረው በሕይወት ባለ ተክል ላይ ነው፤ በበጋ መጠለያ አትስጡት።
3. ማሳችሁን ቶሎ ቶሎ ተመልከቱ። ቅጠሉ ላይ ቢጫ መስመር፣ ግንዱ ላይ ቀይ ዱቄት ካያችሁ ለነገ አትበሉ፤ በዕለቱ ለግብርና ሠራተኛው ንገሩ።

አዲስ ቃል፦ ዝርያ ማለት በአንድ ሰብል ውስጥ ያለ የተለየ የዘር ዓይነት ነው።

ጥያቄ፦ በቀበሌያችሁ ስንት ዓይነት የስንዴ ዝርያ ይዘራል? ስማቸውን ጻፉ፤ ከጎረቤቶቻችሁ ጋርም ተወያዩበት።