ከጀልባ ላይ ሆኖ ዓሣን በድምፅ ስለ መፈለግ

ሰው በገደል ፊት ቆሞ ቢጣራ ድምፁ ተመልሶ ወደ ጆሮው ይመጣል። ገደሉ ቅርብ እንደ ሆነ ማሚቶው ፈጥኖ፥ ሩቅ እንደ ሆነ ዘግይቶ ይመለሳል። በባሕር ላይ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች በጥልቅ ያለውን መንጋ የሚፈልጉበት ጥበብ ከዚሁ የተገኘ ነው። ብርሃን ወደ ጥልቅ ውኃ ብዙ አይዘልቅም፤ ድምፅ ግን በውኃ ውስጥ ከአየር ይልቅ ፈጥኖ ይሮጣል። ኮላዶንና ስቱርም የተባሉ ሊቃውንት በ1826 ዓመት (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በጄኔቭ ሐይቅ ውስጥ ደወል አስደውለው ቢለኩ፥ ድምፅ በአንድ ሴኮንድ 1435 ሜትር ሲሄድ አገኙት። በባሕር ውኃ ግን 1500 ሜትር ያህል ይሄዳል።

መምህሩ ይህን በሰሌዳ ላይ ቢጽፈው ለተማሪዎቹ መልካም ሒሳብ ይሆናል። ድምፁ ወደ ታች ተልኮ በሴኮንድ መቶኛ ክፍል ቢመለስ የሄደው መንገድ 15 ሜትር ነው፤ መሄጃና መመለሻ ስለ ሆነ ግን ለሁለት ይከፈላል፤ ስለዚህ ዓሣው ያለው በ7 ሜትር ተኩል ጥልቀት ነው።

ድምፁን የሚልከውና ማሚቶውን የሚቀበለው ዕቃ ትራንስዱሰር ይባላል። አፍም ጆሮም እርሱ ነው። በውስጡ እንደ ሸክላ በእሳት የተተኮሰ ገል አለ፤ ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ይንቀጠቀጣል፥ ድምፅ ሲመታው ደግሞ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ግፊት ኤሌክትሪክን እንዲያስገኝ ዣክና ፒየር ኩሪ የተባሉ ወንድማማቾች በ1880 ዓመት በድንጋዮች ላይ ገልጠዋል። በ1935 ዓመት የኖርዌዩ ኦስካር ሱንድ በሎፎተን ባሕር የኮድ ዓሣ መንጋ በማሚቶ አማካይነት በወረቀት ላይ ተስሎ መታየቱን አሳተመ። በ1948 ዓመት ደግሞ በጃፓን አገር ፉሩኖ የሚባሉ ወንድማማቾች ለአጥማጆች የሚሆነውን መሣሪያ ሠርተው አወጡ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ትራንስዱሰር ሁሉ አንድ ይመስለዋልና ነው። መስኮቱ ባማረ መሣሪያ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ለውኃውም ለጀልባውም የማይስማማ ትራንስዱሰር የሚያስር አጥማጅ፥ ቤንዚኑን ጨርሶ ባዶ መረቡን ይዞ ይገባል። ዋናው ልዩነት በድምፁ ቅጥነትና ውፍረት ነው። ወፍራሙ ድምፅ፥ 50 ኪሎኸርዝ የሚባለው፥ ወደ ሩቅ ጥልቀት ይደርሳል፤ ቀጭኑ፥ 200 ኪሎኸርዝ፥ ውኃው ፈጥኖ ይውጠዋል፥ ነገር ግን በቅርብ ያለውን አጥርቶ ይለያል። ድምፁም የሚወርደው እንደ ጎጆ ክዳን ከላይ ጠቦ ከታች ሰፍቶ ነው። በብዙዎቹ መሣሪያዎች የቀጭኑ ድምፅ ስፋት 12 ዲግሪ ያህል፥ የወፍራሙ 45 ዲግሪ ያህል ነው። በ100 ሜትር ጥልቀት ፊተኛው 21 ሜትር ስፋት ያለውን፥ ሁለተኛው 83 ሜትር የሚሆነውን ቦታ ይሸፍናል። ሰፊው ብዙ ዓሣ ያገኛል፤ ግን በስተ ቀኝ ይሁን በስተ ግራ አይለይም፥ ሁሉንም ከጀልባው በታች እንዳለ አድርጎ ያሳያል።

የሚታሰርበትም ቦታ እጅግ ያስፈልጋል፤ ድምፅ በአየር አረፋ ውስጥ አያልፍምና። የሞተሩ ክንፍ ውኃውን በሚያናውጥበት አጠገብ ቢያስሩት መሣሪያው ጀልባው ሲሮጥ ይታወራል። የእንጨት ጀልባ ታችዋን በስተው የነሐስ ትራንስዱሰር ያስገቡባታል፤ እንጨት ውኃ ሲጠጣ ስለሚያብጥ ፕላስቲኩን ይሰነጥቀዋል። ነሐስ ግን ለአሉሚኒየም ጀልባ አይሆንም፤ ሁለቱ ማዕድኖች በጨው ውኃ ሲገናኙ አሉሚኒየሙ ይበላል። ጀልባዋ ከፋይበርግላስ ብቻ የተሠራች እንደ ሆነች ሳትበሳ ከውስጥ በኩል ይለጠፍባታል።

ማሚቶውን አብዝቶ የሚመልሰው የዓሣው ሥጋ ሳይሆን በሆዱ ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት ነው። ስለዚህ ይህ ከረጢት የሌለው የአትላንቲክ ማኬሬል ብዙ ሆኖ ሳለ ጥቂት መስሎ ይታያል። ሄሪንግ ግን ከረጢት አለውና ሊሰወር አልቻለም፤ መሣሪያውና መረብን የሚጎትተው መኪና ተባብረው በኖርዌይ ባሕር የነበረው መንጋ በ1960ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ እስኪያገግምም ብዙ ዓመታት ፈጀ።

ወደ አገራችን ብንመለስ፥ የጣና ሐይቅ ጥልቀት እስከ 14 ሜትር ያህል ስለ ሆነ ወፍራሙ ድምፅ አያስፈልገውም፤ ቀጭኑ ይበቃዋል። የደንገል ታንኳ ግን በውስጡ አየር የሞላበት ነውና ትራንስዱሰሩ በታንኳው ውስጥ ሊቀመጥ አይችልም፤ በዘንግ ታስሮ በጎን በኩል ውኃው ውስጥ ይጠለቃል። ያን ጊዜም ከታች የሚያየው ወርድ ከ3 ሜትር አይበልጥም።